ጀልባዋን በሚዛን፦ ሳን ሁዋን 21ን ከመግዛቴ በፊት የያዝኩት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ማርች 1

ዛሬ ሄጄ አየኋት። ሬንተን ውስጥ፣ አንድ ቤት ጓሮ፣ ትልቅ ጥድ ሥር ተጎታቿ ላይ ተቀምጣለች። ሰማያዊ ላስቲክ ለብሳለች፤ ላስቲኩ ላይ የጥድ ቅጠል ተከምሯል። ባለቤቷ በሰባዎቹ ዕድሜ ያለ ሰውዬ ነው። ጉልበቱ ስላስቸገረው ነው የሚሸጣት። የጠራው ዋጋ 1,800 ዶላር ነው፤ ከነተጎታቿ፣ ከነሸራዋ፣ ከነትንሿ ሞተሯ።

ሳን ሁዋን 21 የምትባል ባለሸራ ጀልባ ናት። ዶን ክላርክ የሚባል ሰው ነደፋት። ክላርክ ቦት የተባለ ኩባንያ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት፣ ኬንት ከተማ ውስጥ ሠራት። ከ2,000 በላይ ተሠርተዋል። ከዚህ አካባቢ ውጭ ግን ስሟን የሚያውቅ ብዙ አይገኝም። እኔ የምኖረው ኬንት ነው። ኬንትን የማውቃት በመጋዘኖቿ ነበር። ጀልባ ይሠራባት እንደነበር የሰማሁት ባለፈው ወር ነው፤ ስሰማ ደስ አለኝ።

ቁጥሯን ልጻፈው፣ በኋላ ይጠቅመኛል። ርዝመቷ 20.5 ጫማ ነው፣ 6.25 ሜትር ያህል። ወርዷ 7 ጫማ። አዲስ ሳለች ባዶ ክብደቷ 1,250 ፓውንድ ነበር። ከዚህ ውስጥ 400 ፓውንዱ እንዳትገለበጥ ታች የተቀመጠ ክብደት ነው። ከሆዷ ሥር ኪል የሚሉት ወደ ታች የሚወርድ ክንፍ አላት። ሲወርድ እስከ 4 ጫማ ድረስ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሲሰበሰብ ግን 1 ጫማ ውሃ ይበቃታል። እኔን የሳበኝ ይሄ ነው። በፒክአፕ ጎትተህ፣ ሐይቅ ዳር አውርደህ፣ ማታ ወደ ቤትህ ትመልሳታለህ። በየወሩ የወደብ ኪራይ የለብህም።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ልጆቼ ግን ውሃ የሚያውቁት በዋና ገንዳ ነው። ይሄ ነገር ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ውስጤን ይበላኛል።

ላስቲኩን ገልጠን ወደ ውስጥ ገባሁ። የሻጋታ ሽታ አለ። ከወለሉ ሥር አንድ ኩባያ የሚያህል ቡናማ ውሃ ተኝቷል። ሰውዬው የዝናብ ውሃ ነው አለ። ሊሆን ይችላል። ዛሬ ገንዘብ አላወጣሁም፤ ቃልም አልሰጠሁም።

እሁድ፣ ማርች 2

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባሕር ዳር አጎቴ ጋ ደወልኩ። ወጣት ሳሉ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨትና ቡና በታንኳ ያመላልሱ ነበር። ጀልባ ልገዛ ነው ስላቸው መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ፣

«ታንኳ ስትገዛ መጀመሪያ ምን ታያለህ?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ ጋሼ፤ ቀዳዳ?»

«የምን ቀዳዳ! ታነሳታለህ እንጂ። ደንገል ውሃ ሲጠጣ ላዩ ላይ አያስታውቅም። ክብደቱ ነው የሚናገረው።»

እውነታቸውን ነው። ታንኳ ከደንገል ነው የሚታሰረው፣ ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ለዚህ ነው ታንኳ ከሐይቅ ሲወጣ ግድግዳ ላይ ወይ ዛፍ ላይ አቁመው የሚያደርቁት። ጥሩ የታሰረ እንኳ ወራት ቢቆይ ነው። ልጅ ሆኜ የደረቀና የረጠበ ታንኳ ለይቼ አውቅ ነበር፤ ዳር ላይ ተሸክመን ስንሄድ ትከሻዬ ይነግረኛል።

«ይቺ እኮ ከ1,250 ፓውንድ በላይ ናት ጋሼ፤ ትከሻ አይችላትም» አልኳቸው።

«እንግዲያ ሚዛን ፈልግላት አንተ ልጅ» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ሐሳቡን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ዛሬ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጀልባዋን ሳንኳኳ ዋልኩ።

እንደዚህች ያሉ የፋይበር ግላስ ጀልባዎች የላይኛው ወለል፣ ዴክ የሚሉት፣ እንደ ሳንድዊች ነው። ከላይ ፋይበር ግላስ፣ ከሥር ፋይበር ግላስ፣ መሀሉ ላይ ቀለል ያለ እንጨት። ችግሩ እንጨቱ ላይ ነው። ብሎን በገባበት ቦታ ሁሉ ማሸጊያው ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። ውሃ በዚያ ሾልኮ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ላዩ ግን ነጭና ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል። ቀለም ሲቀቡት ደግሞ አዲስ ይመስላል።

የካቻቢቴን የፕላስቲክ እጀታ ይዤ ከፊት ጀመርኩ። ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የተጎዳው ድፍን ያለ ነው፤ ፍራሽ የመታህ ያህል። ምሰሶውን የሚወጥሩት የጎን ሽቦዎች የታሰሩባቸው ቦታዎች ደህና ናቸው። የኋላው ወለልም ደህና ነው። ምሰሶው የሚቆምበት ጋ ስደርስ ግን ድምፁ ተቀየረ። በሚለጠፍ ቴፕ ዙሪያውን ምልክት አደረግሁ። ስጨርስ ምልክቱ የትልቅ ሰሃን ስፋት አለው።

ቦታው ክፉ ነው። ምሰሶው በሽቦ ሲወጠር ያን ሁሉ ጫና ወደ ታች የሚጭነው እዚያ ላይ ነው። ቀጥ ያለ ጣውላ አስደግፌ አየሁ። ትንሽ ረገብ ብሏል፤ አንድ የሃምሳ ሳንቲም ውፍረት ቢሆን ነው። ከውስጥ በኩል ያለው ድጋፍ አልተሰነጠቀም። ይሄ ጥሩ ዜና ነው።

ሰውዬውን አስፈቅጄ ከውስጥ በኩል አንድ ብሎን ፈታሁ። ጫፉ ላይ ጥቁር ነገር ተጣብቆ ወጣ። በጣቴ ሳሸው እንደ ረጠበ የቡና አተላ ፈራረሰ። አሸተትኩት፤ ጋን ሥር የቀረ የጠላ አተላ ይሸታል። ሰውዬው አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር። «አላወቅኩም ነበር» አለኝ፤ አመንኩት። ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን የውሸት አይመስልም።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ስለ ወረቀት። አሜሪካ ውስጥ ከ1972 መጨረሻ ወዲህ የተሠራ ጀልባ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ተቀርጾበታል፤ የኋላ ፊቱ ላይ በቀኝ በኩል። የዚህች የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች 0476 ናቸው። አፕሪል 1976 ማለት ነው። የባለቤትነት ወረቀቱም 1976 ይላል። ተስማምተዋል።

የተጎታቹ ወረቀት ግን የለም። ታርጋው በየዓመቱ ታድሷል፣ የባለቤትነት ወረቀቱ ጠፍቷል። ተጎታች ለብቻው ወረቀት እንዳለው ብዙ ሰው ይረሳል። ያለ ወረቀት ብገዛ በኋላ በስሜ ማዞር አበሳ ይሆንብኛል። ምትክ እንዲያወጣ ነገርኩት፤ እሺ ብሏል። እስኪመጣ ክፍያ የለም ተባብለናል።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ተጎታቹ። የጎማዎቹ ጥርስ አዲስ ይመስላል። ግን ጎማ ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። እነዚህ 2309 ይላሉ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር የ2009 23ኛ ሳምንት። ቆሞ የኖረ ጎማ ጥርሱ አያልቅም፣ ጎማው ግን ያረጃል። ጎኑ ላይ የጸጉር ስንጥቅ አይቻለሁ። አውራ ጎዳና ላይ በዚህ አልወጣም አልኩ። ሻጩ ጎማ ገዛ፣ እኔ ገጠምኩ። ጎማው ሲወልቅ ኩሽኔታዎቹንም አየሁ። አንዱ ሲዞር ይንጫጫል። አጠብኩት፣ አዲስ ግራሶ ሞላሁበት፣ ዝም አለ።

ከሰዓት በኋላ ሽቦዎቹን ጀመርኩ። ምሰሶውን የሚይዙት የብረት ገመዶች ከሩቅ ሲታዩ አዲስ ይመስላሉ። አሮጌ ጨርቅ ጠቅልዬ ከላይ እስከ ታች ጎተትኩባቸው። ጨርቁ ያዝ ያደረገበት ቦታ ክር ተበጥሷል ማለት ነው። በግራ በኩል ባለው፣ ታች መቆንጠጫው አካባቢ፣ ሦስት ቦታ ያዘኝ። ጨርቁን ስገልጠው እንደ ቁልቋል እሾህ የቆሙ ቀጫጭን ክሮች አየሁ። አንድ ሽቦ ከተበጠሰ ምሰሶው ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ይቀየራሉ፤ አንዱን ብቻ መቀየር ሞኝነት ነው።

ሸራዎቹን ሳሩ ላይ ዘረጋናቸው። ትልቁ ሸራ ገና ጠንካራ ነው፤ ስትጨብጠው ይንኮሻኮሻል። የፊተኛው እንደ ነጠላ ለስልሷል። ስፌቱ ላይ ጥፍሬን ሳስኬድ ክሩ እየተበጠሰ ወጣ። ጨርቁ ሳይቀደድ በፊት ክሩን ፀሐይ በልቶታል። ይሄኛው ለዘንድሮ ይደርስ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ግን አይሄድም።

ሞተሩ 4 የፈረስ ጉልበት ነው። ከመነሳቱ በፊት እጄን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው። ሻጭ ቀድሞ አሙቆ ቢጠብቅህ ጠዋት ጠዋት እንደማይነሳ አታውቅም። በአራተኛው ጉተታ ተነሳ። ማቀዝቀዣ ውሃውንም በደንብ ይተፋል።

ረቡዕ፣ ማርች 19

የሚዛኑ ቀን።

ጓደኛዬ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። እዚህ አካባቢ ካለነው ሐበሾች ስንቱ በዚሁ ሥራ እንደሚያድር የታወቀ ነው። ትልልቅ መኪኖች የሚመዘኑበት ነዳጅ ማደያ እንደ መዳፉ ያውቃል። ፒክአፑን ይዞ መጣ፤ ሰውዬውም አብሮን ሄደ።

ከቤት ሳንወጣ ሥራዬን ጨርሼ ነበር። ሞተሩን፣ ሸራዎቹን፣ መልሕቁን፣ ገመዱን፣ ፍራሾቹን አንድ በአንድ በሻንጣ መመዘኛ ሚዛን መዝኛለሁ። ድምሩ 190 ፓውንድ መጣ። ተጎታቹ ላይ ያለው ቆርቆሮ 620 ይላል። ጀልባዋ 1,250። እንግዲህ 2,060 አካባቢ ልትሆን ይገባል።

መጀመሪያ ፒክአፑን ከነጀልባዋ መዘንን፤ 7,480። ከዚያ ጀልባዋን ጥግ ላይ ፈትተን ፒክአፑን ብቻውን መዘንን፤ 5,200። ልዩነቱ 2,280 ፓውንድ ነው።

ደብተሬን ሦስት ጊዜ አየሁት። 220 ፓውንድ ትርፍ! መቶ ኪሎ ማለት ነው። የመቶ ኪሎ ጤፍ ጆንያ የሆነ ቦታ ተደብቆ ተቀምጧል። ጥቂቱ በየዘመኑ የተቀባባችው ቀለም ሊሆን ይችላል። ምሰሶው ሥር ያለው የበሰበሰ እንጨት ደግሞ ምን ያህል ቢጠጣ ነው? ሰሃን የምታህል ቦታ መቶ ኪሎ አትይዝም። አጎቴ ትዝ አሉኝ። ላዩ ላይ አያስታውቅም ነበር ያሉት።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

አገኘሁት።

ከፊት ያለው አልጋ ሥር፣ በጣውላ ተከድኖ በብሎን የታሰረ ክፍል አለ። ከቀድሞ ባለቤቶች አንዱ ጀልባዋ ብትሞላም እንዳትሰምጥ ብሎ ቢጫ ፎም አፍስሶበታል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ፎሙ ታች ድረስ ሞልቶታል፤ ለውሃ መውጫ አልተተወም። ጣውላውን ሳነሳ ፎሙ ላዩ ደረቅ ነው። እጄን አስገብቼ ከታች አንድ ቁራጭ ገነጠልኩ። ጨመቅኩት። ውሃው በክርኔ ወረደ።

የዳቦ ቢላ በሚመስል ረጅም መጋዝ እየቆረጥን አወጣነው። ሰውዬው በጉልበቱ መንበርከክ ስለማይችል ውጭ ቆሞ ከረጢት ይይዝልኝ ነበር። ስድስት ከረጢት ሞላ። በሚዛን 140 ፓውንድ። ከሥሩ ያለው ፋይበር ግላስ በጨርቅ ሲጠረግ ጥርት አለ። መታሁት፤ ድምፁም ደህና ነው። ያ ሁሉ ውሃ ተኝቶባት ሆዷ አልታመመም። እዚያው ተቀምጬ ትንሽ ቆየሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

በዚያው ቀን ወደ ሚዛኑ ተመለስን። ልዩነቱ 2,140 ሆነ። አሁንም 80 ፓውንድ ትተርፋለች። ይሄኛውን እቀበላለሁ። አሮጌ ቀለም አለ፣ የረጠበ እንጨት አለ፣ አርባ ምናምን ዓመት የተጨማመረ ቁርጥራጭ አለ።

ሰኞ፣ ማርች 24

ኪሉን አየሁ። ይሄን ተጎታች ላይ ሆና ማየት አይቻልም፤ ክንፉ ተሰብስቦ ነው ያለው። በመኪና ክሪክ አንስቶ ከሥሯ መግባት የሚሞክር አለ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። አንድ የጀልባ ማንሻ ያለበት ቦታ 150 ዶላር ከፍዬ በሰፊ ቀበቶ አንጠልጥለው ያዙልኝ።

ዊንች በሚሉት ገመድ መጠቅለያ ቀስ አድርገን ኪሉን አወረድነው። የሚጎትተው ገመድ ዝጓል፤ ይቀየራል። ከጎን ቆሜ ጫፉን ይዤ ወዘወዝኩት። ግራና ቀኝ ሁለት ጣት ያህል ይላወሳል። የተሰቀለበት ብሎን በመበላቱ ነው፤ ቀዳዳው እንቁላል መስሏል። አዲስ ብሎንና አዲስ ቡሽ፣ ብሎኑ የሚዞርበት አጭር ቱቦ፣ ይገባለታል። በብሎኑ ዙሪያ የዝገት እንባ አለ። ወለሉ ሥር ያየሁት ያ ቡናማ ውሃ ዝናብ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

መሪውንም አየሁት። በኋላዋ ላይ እንደ በር በማጠፊያ ተንጠልጥሏል። ማጠፊያው ላልቷል እንጂ አልተሰበረም።

ረቡዕ፣ ማርች 26

ባለቤቴ ቡና እያፈላች ሒሳቡን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሽቦዎቹ 300። የኪሉ ገመድ 60። ብሎንና ቡሽ 40። ለዴኩ ሙጫ፣ ፋይበርና እንጨት 250። የፊት ሸራ፣ ያገለገለ ከተገኘ 350። በጠቅላላ 1,000 ዶላር። ጉልበቴ አልተቆጠረም።

«ትወዳታለህ?» አለችኝ።

«እወዳታለሁ።»

«ሰውዬው ያውቃል?»

«ያውቃል መሰለኝ።»

«እንግዲያው ወረቀቱን አሳየው፤ አትከራከረው» አለች።

እንዳለችው አደረግሁ። ዝርዝሩን ሰጠሁት፣ 900 አልኩ። መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ምሰሶው ሥር የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ። 1,100 አለ። 1,050 ላይ ተጨባበጥን፤ ውሃ ላይ ከተሞከረች በኋላ ሊከፈል። የተጎታቹ ምትክ ወረቀትም ትናንት ደርሶለታል።

ቅዳሜ፣ ማርች 29

ሬንተን፣ ጂን ኩሎን ፓርክ። ጠዋት ሦስት ሰዓት። ነፋሱ ለስላሳ ነው፤ ሽቦዎቹ ስላልተቀየሩ ከዚህ የበለጠ ቢሆን አልወጣም ነበር። የተበጠሰውን በጊዜያዊ ገመድ አግዤዋለሁ። ከዳርቻውም አልርቅም። ውሃው በማርች በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ የገባበት ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሁላችንም የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለብሰናል፣ መሬት ላይ እያለን።

ስንጠብቅ ሰውዬው ስለ ሐይቁ ነገረኝ። ሌክ ዋሽንግተን በ1916 ቦይ ሲከፈትለት 9 ጫማ ያህል ዝቅ ብሏል። ቀድሞ ከዚሁ ከሬንተን ብላክ ሪቨር የሚባል ወንዝ ይወጣለት ነበር፤ ሐይቁ ሲወርድ ወንዙ ደረቀ። ጣና ዳር ላደገ ሰው ከሐይቅ የሚወጣ ወንዝ መድረቁ ይከብዳል። አባይ ቢደርቅ ብዬ አሰብኩና ሐሳቡን ተውኩት።

ከመውረዷ በፊት የወለሉን ክዳን ከፍቼ በኪሉ ብሎን ዙሪያ ደረቅ ሶፍት ነጠፍኩ። ወረደች። ተንሳፈፈች። ሞተሩ ከዳር አወጣን፣ ከዚያ አጠፋነው።

ያን ጸጥታ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ትልቁ ሸራ ሞላ። ጀልባዋ ወደ ጎን ጋደል አለች። ጓደኛዬ «ኧረ ልትገለበጥ ነው!» ብሎ ጠርዙን ጨበጠ። ታች ያለው ክብደት ያዛት፤ ጋደል እንዳለች ወደ ፊት ሄደች። መሪው እጄ ላይ ሕይወት ያለው ነገር ሆነ። ትንሽ ወደ ነፋሱ ትስባለች፣ አይከብድም። ከደቡብ በኩል ሬይኒር ተራራ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ሰውዬው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ገመዱን ራሱ ያዘ። ጉልበቱን ረስቶታል።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሶፍቱን አወጣሁት። ሦስቱ ጥግ ደረቅ ነው። አራተኛው፣ በብሎኑ በኩል ያለው፣ ረጥቧል። ጣቴን አድርጌ ቆጠርኩ፤ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ጠብታ። በሌላ ቦታ ምንም የለም። የምትፈሰው እቀይረዋለሁ ብዬ በጻፍኩት ብሎን በኩል ብቻ ነው።

መኪና ማቆሚያው ላይ 1,050 ቆጥሬ ሰጠሁት።

ሰኞ፣ ማርች 31

የስም ዝውውሩ አለቀ፤ የጀልባውም የተጎታቹም። ማታ ከሥራ ስመለስ ምሰሶዋ ሥር ከውስጥ በኩል አሥራ ሁለት ቀዳዳ በሳሁ፤ የላይኛውን ፋይበር ሳልነካ። ከሁለቱ ውሃ ጠብ አለ። ማራገቢያ ተክዬባት ገባሁ። በሁለት ሳምንቱ ወደ ሚዛኑ እወስዳታለሁ፤ ለአጎቴ ቁጥሩን ልነግራቸው ቃል ገብቻለሁ።